ያለ ሜዳው ባለሜዳ

የደብረ ታቦር ሽማግሌ «ሜዳ» ሲል አጥር አይታየውም። ሜዳ እሱ ዘንድ አዝመራው ተነስቶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ማሳው ከብት ሲለቀቅበት የሚገኝ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ወር የሁሉም ይሆናል፤ ዝናብ ሲጥል ተመልሶ የባለቤቱ። በታኅሣሥ የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ሲሰብር ጎረምሳው ቆልማማ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ኳሱ፣ ሩሩ፣ መሬት ይጣላል፣ ሁለት መንደር ይካፈልና የገና ጨዋታ ይጀመራል። ዳኛ የለም፣ ሰዓት የለም፣ መስመር የለም። ባላባቱን ቁርጭምጭሚቱ ላይ የመታ ጭሰኛ በማግስቱ አይከሰስም ነበር። ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሜዳውም ማሳ ሆኖ ያድራል።

ከተማዋን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሳ ሙርሳ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ራስ ዓሊ፣ ቀጥሎ አፄ ቴዎድሮስ፣ ከዚያም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ተቀምጠውባታል። መናገሻ ባለበት ጦር አለ፤ ጦር ባለበት ፈረሰኛ፤ ፈረሰኛ ባለበት ጉግስ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ ቴዎድሮስ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን አስቀልጠው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ለመድፉ መንገድ ገደል ተንዶለታል፣ አቀበት ተደልድሎለታል። በዚህ አገር ብዙ ሰው በአንድ ቦታ የሚሰበሰበው ለዘመቻ፣ ለንግሥ ወይም ለገበያ ነበር። ለጨዋታ ብሎ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያስቀመጠ መስፍን ግን ደብረ ታቦር ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና፣ ዱላና ኳስ ሌላም ሕዝብ አለው። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታቸው ኳሷን በዱላ እየመቱ ይሮጣሉ። እኛ ዘንድ አፄ ምኒልክ ታመው ተኝተው ልጅ ኢያሱ በአያታቸው ወንበር ላይ በነበሩበት በ1904 ዓ.ም. ቦስተን ከተማ ውስጥ ፌንዌይ ፓርክ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ተከፈተ። የከተማው ቡድን ዛሬም የሚጫወተው እዚያው ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ አንድ መቀመጫ ላይ ተቀባብለውበታል። የእኛ ገና ከነሱ ጨዋታ በዕድሜ ብዙ ይበልጣል፤ አጥር የሠራለት ግን የለም። አጥር ይሠራለት እያልኩ አይደለም፣ ውበቱ እሱ ነው። ነገር ግን አጥርና ግንብ የሚጠይቅ ሌላ ጨዋታ ሲመጣ፣ ይህ ልማዳችን ዋጋ እንዳስከፈለን ከታች ይታያል።

ያ ጨዋታ እግር ኳስ ነው። የጣሊያን ጦር በወረረን በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ከክለቡ የመጀመሪያ ዘመን ተጫዋቾች አንዱ ጅማ የተወለደው ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ነጻነት በተመለሰ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ይድነቃቸው የዚያ ሁሉ ሥራ ሞተር ሆኖ ቀጠለ። ለገሃር አጠገብ፣ ከመስቀል አደባባይ ጎን ያለው ስታዲየም በዚያ ዘመን የሚጠራው በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነበር። ሕዝቡ ግን የራሱን ስም በየጥጉ ሰጠው። ክብር ትሪቡኑን የያዘው ወገን ጥላ ፎቅ፣ ሌላው ሚስማር ተራ፣ ሌላው ከማን አንሼ ተባለ። የኢትዮጵያ ወታደር በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ስር ኮንጎ ዘምቶ በነበረበት ጊዜ ስሙ በየሬዲዮው ይጠራ የነበረው የካታንጋ ግዛትም አንዱን ጥግ ወረሰ። ካታንጋ ስሙ እንደሚነግራችሁ ጸጥታ የሚበዛበት ጥግ አልነበረም።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ካርቱም ላይ ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከውድድሩ ወጣች። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰች፤ ደርሳም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ እንደገና 4 ለ 0። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ሦስተኛው ዋንጫ የመጣው አዲስ አበባ ነው። ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አራት አገር፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ጥር 6 እሑድ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 ያሸነፈችው በከተራ ቀን ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ። በማግስቱ ጥምቀት፣ በሠልስቱ ቃና ዘገሊላና ሚካኤል። ታቦቱን በእልልታ ያስገባው የአዲስ አበባ ሕዝብ ነጠላውን ሳይለውጥ፣ ድምፁ እንደሻከረ ጥር 13 እሑድ ስታዲየም ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ አብደል ፈታህ አገቡ። እረፍት ወጥተው ተመለሱ፤ ሰዓቱ ነጎደ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ጮኾ ሳይጨርስ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አስቆጠረ። የዚያን ሰዓት ዝምታ ማሰብ ያስፈራል፤ ሁለቱን 4 ለ 0 የሚያስታውስ ሁሉ «መጣ» ሳይል አልቀረም። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገና ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። ሉቻኖ ከጣሊያን ወታደርና ከኤርትራዊት እናት አስመራ የተወለደ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ዋንጫውን ለሉቻኖ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። መንግሥቱ ወርቁና ባዳዊ በሦስት በሦስት ግብ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢነትን ተካፈሉ።

ስለዚያ ቡድን ብዙ ተብሏል፤ ተጫዋቾቹ፣ አሰልጣኙ፣ ጃንሆይ ሁሉ ተመስግነዋል። ስለ ሜዳው የሚነሳው ትንሽ ነው። ከሜዳችን ውጪ በሁለት ጨዋታ ስምንት ግብ ያገባብንን ቡድን በሜዳችን አራት አገባንበት። የኳስ ሰው ተጋባዡን «እንግዳ»፣ አስተናጋጁን «ባለሜዳ» የሚለው ለአነጋገር ውበት አይደለም። ባለሜዳ መሆን እንደ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፈው፣ ደስታው አነስተኛ ነውና። በጥር 1960 ዓ.ም. ስምንት አገሮች የተካፈሉበት ዋንጫ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ተደረገ፤ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች፣ ኮንጎዎችም ጋናን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በ1968 ዓ.ም. ሦስተኛው ግብዣ መጣ፤ ንጉሡ ወርደዋል፣ ስታዲየሙም የንጉሡን ስም ጥሏል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ አስተናገዱ። ኢትዮጵያ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች፤ መጋቢት 5 ቀን ሞሮኮ ከጊኒ 1 ለ 1 ተለያይታ ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ እኛ አልመጣም።

ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርቶ በሥራው ላይ እንዳለ ያረፈው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ናት፤ ቡሄ። የከተማችን ስም የተጠራበት በዓል፣ ችቦው ሲበራ፣ ጅራፉ ሲጮህ፣ ሙልሙሉ ሲታደል። ይህን መገጣጠም ሳስብ በየዓመቱ ይደንቀኛል፤ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። እሱ ባረፈ በወራት ውስጥ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ አዘጋጀች፤ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ወሰደች። የኔ ዕድሜ እኩዮች «ስታዲየም ተነቃነቀ» የሚሉት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ረጅም ድርቅ። እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ የተካፈለችው በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ነበር። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ስታዲየም እስኪገባ ድረስ ማለት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ሱዳን መጣች። መጀመሪያ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 አሸንፋናለች፤ የሚያስፈልገን 2 ለ 0 ነው፣ ከዚያ በታች ምንም። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰይድ አንድ። 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ግቦች ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚሉት ስም በዚያን ዕለት ከደብረ ታቦር ሻይ ቤቶች እስከ ሞያሌ ተጠራ። ጉና ስር ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ በሩ ተነቅሎ የቀረ ነበር የሚመስለው። በዓመቱ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ በቀረው የመጨረሻ ደጃፍ ላይ ናይጄሪያ በዚያው ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈችን። ያረጀው ስታዲየም ደስታውንም ኀዘኑንም በአንድ ዓመት ውስጥ ጠጣ።

ወደ ቤታችን ልቅረብ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዳር ላይ፣ ሚድሮክ የተባለው ኩባንያ ያነሣው ግንባታ ተጀመረ፤ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለ፣ ዙሪያውን የታጠረ፣ በአገሪቱ ያልታየ ስፋት ያለው ስታዲየም። ለደብረ ታቦር ሰው አዲስ አበባ ስታዲየም የሬዲዮ ቦታ ነበር፤ ሰው ሄዶ የሚያየው ሳይሆን የሚሰማው። ባሕር ዳር ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓለም ሳጋን ደን አልፎ፣ ቁልቁል ወርዶ ወረታ መገንጠያ፣ ከዚያ በፎገራ ሜዳ ሩዙን ግራና ቀኝ እያዩ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ዘንዘልማ፣ ከዘንዘልማ የዓባይ ድልድይ። ጧት የተነሳ ሰው ኳስ አይቶ ማታ ቤቱ ይገባል።

ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ከሌሶቶ ጋር ትልቅ ጨዋታ እዚያ ተደረገ። መናኸሪያው ላይ ረዳቶቹ እንደ ወትሮው «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» ይላሉ፤ ተሳፋሪው ግን ነጋዴና ሕመምተኛ ሳይሆን ፊቱን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ ነው። ወንበሩ የኮንክሪት ደረጃ ነበር፤ ፀሐዩ ይነድዳል፣ ከጣና የሚመጣው ወበቅ ለደጋ ሰው አይመችም። ማን ልብ ብሎት! ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ከአጠገቤ የተቀመጡ ከፋርጣ የመጡ አንድ አዛውንት ጨዋታው ካለቀ በኋላ አልነሣም ብለው ሣሩን ሲያዩ ቆዩ። «ይኼን ሁሉ ሜዳ ማንም አያርሰውም ማለት ነው?» አሉኝ። አያርሰውም፣ አባባ፣ አልኳቸው።

ደጉ ዘመን ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. መጣ። አይቮሪኮስት፣ በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የተበተኑ ልጆቿን ይዛ ባሕር ዳር ገባች። ያኔ ለጎንደሩ ፋሲል ከነማ ይጫወት የነበረው ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ 2 ለ 1። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት 15 ቀን ማዳጋስካር በዚያው ሜዳ 4 ለ 0 ተሸነፈች። የመጨረሻው የምድብ ጨዋታ አቢጃን ላይ ዳኛው ሜዳ ውስጥ ታሞ ወድቆ ሲቋረጥ እኛ በሽንፈት ላይ ነበርን፤ ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ግብ በመለያየታቸው ግን ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በሰው ሜዳ የጎደለውን ባሕር ዳር ቀድማ ሞልታው ነበር።

ያው 2013 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ነገርም አሳየን። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተብሎ ክለቦች ሁሉ በተመረጡ አምስት ከተሞች፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ፣ እየዞሩ ተጫወቱ። ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊጉን ዋንጫ ያነሣው በዚህ ዓመት ነው፤ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ። ደጋፊው ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን በቴሌቪዥን አየ። ደስታውን አልቀንስም፤ ግን የሚመጣው ነገር ምልክት እንደነበር አሁን ይገባኛል። ሜዳ የሌለው ባለሜዳ ልምምዱን በአገር ውስጥ ጀምሮ ነበር።

በነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ጎንደር ገባ። ንፋስ መውጫ ተያዘች፤ የጋይንት ሰው በእግሩ ወደ ደብረ ታቦር ተሰደደ፤ ጉና ላይ ውጊያ ሆነ፤ ከባድ መሣሪያ ከተማችን ላይ ወድቆ ሰው ገደለ። ያን ዓመት ቡሄ ጅራፍ ሲጮህ የደነገጠ ልጅ ብዙ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን፣ ይህ ሁሉ ገና ትኩስ ሳለ፣ ኢትዮጵያ ባሕር ዳር ላይ ከዚምባብዌ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወተች፤ በጨዋታው ማብቂያ ላይ በተገኘ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸነፈች። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መኪና ያን ሰሞን የጫነው ደጋፊ አልነበረም።

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸንፋ ሄደች። ባሕር ዳር ላይ ብሔራዊ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያደረገው የመጨረሻው ጨዋታ ይኸ ነው። ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቴን አያሟላም ብሎ ከለከለ፤ የአዲስ አበባው አስቀድሞ ተከልክሎ ነበር። መስፈርቱ ምስጢር አይደለም፦ ደረጃውን የጠበቀ ሣር፣ የመልበሻ ክፍልና መታጠቢያ፣ ቁጥር ያለው የየራስ መቀመጫ፣ መብራት፣ የጋዜጠኛ ክፍል። ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ፣ ፕሬዚዳንቱን 15 ዓመት የሰጠች አገር፣ በካፍ ወረቀት ላይ ጨዋታ የሚደረግበት ሜዳ አጣች። አንዳንዱ ሰው ካፍን ይራገማል። እኔ አልራገምም፤ ሕጉን ከጻፉት መካከል እኛም አለንበት። ከ50 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ግንብ ቆሞ መታጠቢያ ቤቱ ሳይጨረስ መከፈቱ የውጭ ሰው ያመጣብን ጣጣ አይደለም። ማሳውን ሁለት ወር ለጨዋታ፣ ቀሪውን ለሌላ ጉዳይ የማድረግ የቆየ ልማድ ኮንክሪት ላይም አልለቀቀንም።

ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጋናን «አስተናገደች»፤ ሶዌቶ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም። ጌታነህ ከበደ አገባና 1 ለ 1 አለቀ። ወደ አፍሪካ ዋንጫም ሄደን ከምድብ ሳናልፍ ተመለስን።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅ። አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ነው። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ፤ 2 ለ 0። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስጨፈረው ዓይነት ድል ነበር፤ ያውም ጭማሪ ሰዓት ሳያስፈልግ። ኢትዮጵያ በመርሃ ግብሩ ላይ ባለሜዳ ተብላ የተመዘገበችበት ይህ ጨዋታ የተካሄደው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ፣ ቢንጉ ስታዲየም ውስጥ ነው። ቀጥሎ ባለሜዳ የሆንባቸው ጨዋታዎች ሞሮኮና ሞዛምቢክ ሄዱ።

ያን ሰኔ ማታ ደብረ ታቦር ዝናብ ነበር። ሰው ከሻይ ቤት ወጥቶ መኪና መንገዱ ላይ ትንሽ ጨፈረና ተበተነ። በማግስቱ ጧት መናኸሪያው ላይ ረዳቶቹ ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ጋይንት፣ ጎንደር ይሉ ነበር። ሊሎንግዌ የሚል የለም።